የወርቅውሃ ብስክሌትና የእኔ ሕግ

ቁጡ ነው ይሉኛል። ነኝ! ማን ካደ? ሃያ ሰባት ዓመት አቃቂ ባቡር ጣቢያ ሞተር ግራሶ ስቀባና ብሎን ሳጠብቅ ኖሬ፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቃሊቲ ደጄ ላይ ተቀምጬ አላፊ አግዳሚውን ስገስጽ እውላለሁ። ስሜ ቀናው ነው። ዛሬ የማወራላችሁ ግን የራሴን ሳይሆን የእህቴን የአሰጋሽን ልጅ፣ የወርቅውሃን ነገር ነው። የሆነው በ1955 ዓ.ም. ነው። እስከ ዛሬ ባነሳሁት ቁጥር ልቤ ይዘላል፣ ደግሞም አፍራለሁ። ሁለቱንም ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ።

ወርቅውሃ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አባቷ ከሞተ በኋላ እናትና ልጅ እኔ ግቢ ባለችው አንድ ክፍል ቤት ይኖራሉ። አሰጋሽ ዐይኗ ደክሞ ጥጥ መፍተል ትታለች፤ የእኔ ጡረታ ደግሞ ከእኔ አፍ አያልፍም። ቤቱን ቀጥ አድርጋ የያዘችው ልጅቷ ናት። አቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ መፍተያ ክፍል ነው የምትሠራው። እዚያ የገባችው ስምንት ወር ሙሉ በር ላይ ቆማ ደጅ ከጠናች በኋላ ነው። ስምንት ወር! ፀሐይ ነው፣ ዝናብ ነው ሳትል። አብረዋት የቆሙት ስንቶቹ ተስፋ ቆርጠው ወደየአገራቸው ተመልሰዋል።

ፋብሪካው ደግሞ ሕግ አለው። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ፊሽካው ይጮኻል፣ በሩ ይዘጋል። የዘገየ ቀኑን ያጣል፤ በዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ የዘገየ ግን ሥራውን ያጣል። እናቴ ታመመች፣ ጅብ መንገድ ዘጋብኝ ቢሉ የሚሰማ የለም። የበሩ ዘበኛ ፀሐዩ የልብ ወዳጄ ነው፣ ክርስትና ያነሳሁለት ልጅ አለው፤ ቢሆንም ፊሽካው ከጮኸ የወለደችው እናቱ ብትመጣም አይከፍትም።

ከቃሊቲ እስከዚያ በር ድረስ በእግር ነው የምትሄደው፣ በሌሊት ተነስታ፣ ከሌሎች ሴቶች ጋር ተጠራርታ። አንድ ቀን ማታ ከሥራ ገብታ እግሯን ለብ ባለ ውሃ ነክራ ተቀምጣ ሳለ፣ "ጋሼ፣ እቁቤ ወጣልኝ። ብስክሌት ልገዛ ነው" አለችኝ።

"ምን ልትገዢ?"

"ብስክሌት።"

አሰጋሽ አማተበች። እኔ ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ፣ እንደገና ተነሳሁ። ሴት ልጅ ብስክሌት ላይ! ቃሊቲ ምን ይላል? የሰፈሩ ሽማግሌ ምን ይላል? ልጮህ አፌን ስከፍት ዐይኔ ሳፋው ውስጥ ያለው እግሯ ላይ አረፈ። ተረከዟ እንዳለ ተሰነጣጥቋል። አንጀቴን በላችው።

"ግዢ" አልኳት፤ "የምትነጂው ግን በእኔ ሕግ ነው።"

"ምንድነው ሕግዎ?"

"ብስክሌት ማለት በቅሎ ነው። በበቅሎ የሚሄድ ሰው ሽማግሌ ሲያገኝ ይወርዳል። አባቴ ቡልጋ እንዲህ ነው ያሳደገኝ። ኮርቻ ላይ ተቆልላ አባቷ የሚሆኑትን ሰዎች ቁልቁል እያየች 'እንዴት አደሩ' የምትል የእህት ልጅ የለችኝም። ለሽማግሌ ሁሉ ትወርጃለሽ፣ እጅ ትነሻለሽ፣ ከዚያ ትወጫለሽ።"

"እሺ፣ ጋሼ።"

"ሚካኤልን በይ!"

"ሚካኤልን!" አለችና ሳቀች። ደስታዋ ነው ያስማላት፤ በዚያ ሰዓት እሳት ግቢ ብላትም ትምል ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ረሻድ ዘንድ ሄድን። ረሻድ የስልጤ ሰው ነው፤ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ባለችው የቆርቆሮ ሱቁ ብስክሌት ይሸጣል፣ ይጠግናል፣ ያከራያል። ምላሱ ስለት ነው።

"አጃኢብ! ጋሽ ቀናው! ዛሬ ደግሞ ማንን ሊቆጡ መጡ?"

"አንተን። ብስክሌት አሳየኝ።"

ሁለት ብስክሌት ከፊት አቁሟል። አንዱ የእንግሊዝ ሥራ ነው፤ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ደወልና መብራት ያለው። ወርቅውሃ እንዳየችው ተለጠፈችበት። ሁለተኛው የህንድ ሥራ ነው፣ ከባድና ጠንካራ። እኔ ግን ብስክሌት በቀለም አልገዛም። ከኪሴ የሳጥን ቁልፌን አወጣሁና የእንግሊዙን ብረት ቀጭ፣ ቀጭ እያደረግሁ ከመሪው እስከ ኋላ ጎማው መታሁት፤ ጆሮዬንም አስጠጋሁ።

"ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?" አለ ረሻድ።

"ዝም በል፣ ልስማበት!"

ጣቢያ ሳለን ባቡር በቆመ ቁጥር ጎማውን በመዶሻ እየመታን እንሄድ ነበር። ጤነኛ ብረት ድምፁ ረጅም ነው፣ ይዘምራል። የተሰነጠቀ ብረት አፉን እንደያዙት ሰው ድምፁ ወዲያው ይታፈናል። የእንግሊዙ ከኮርቻው ሥር፣ መጋጠሚያው ላይ ታፈነ። "ይኼ ወድቆ የተበየደ ነው" አልኩ። ረሻድ ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ "ወላሂ እኔም አላወቅሁ" አለ። የህንዱ ደህና ነው፣ ግን ድምፁ ደንቆሮ ነው። ሰው ተሰበሰበ። አንድ ሽማግሌ በብስክሌት ሱቅ ውስጥ ብረት እየደበደበ ጆሮውን ሲያስጠጋ ማን ዝም ብሎ ያልፋል?

ከዚያ ነው ከጓዳው ግድግዳ ላይ በፊት ጎማው የተሰቀለውን ያየሁት። አረንጓዴ ነው። ቀጭን ነው። ደወል የለው፣ መብራት የለው፣ ጭቃ መከላከያ እንኳ የለው። አቧራ ለብሷል።

"ያስ?"

"እሱን ይተዉት ጋሼ፤ እሱ እብድ ነው። አንድ ጣሊያን ይወዳደርበት ነበር፤ አገሩ ሲገባ ጥሎብኝ ሄደ።" አውርዶ ገለበጠውና የኋላ ጎማውን በእጁ አሽከረከረ። ፔዳሉም አብሮ ዞረ። "አዩ? ሌላው ብስክሌት እግርዎን ሲያሳርፉ ጎማው ብቻውን ይሄዳል። ይኼ እግር ማሳረፍ አያውቅም። ጎማው ከዞረ ፔዳሉ ይዞራል፣ ፔዳሉ ከቆመ ጎማው ይቆማል። ወደ ኋላ ቢያዞሩት ወደ ኋላ ይሄዳል። እስካሁን ሁለት ሰው ጥሏል፤ አንዱ ጥርሱን አጥቷል።"

ኧረ እኔስ ምን ልበላችሁ! ፀጉሬ ቆመ። ሃያ ሰባት ዓመት የኖርኩበት ነገር እኮ ነው! የድሮው የእንፋሎት ባቡር ልክ እንዲህ ነው፤ የሚገፋው ብረት ከጎማው ጋር የታሰረ ነው፣ አንዱ ሳይንቀሳቀስ ሌላው አይንቀሳቀስም። ቁልፌን አንስቼ መታሁት። ቅልልል... አለ። ከመሪው እስከ ኋላው አንድ ድምፅ! ከበውን የቆሙት ሁሉ ሰሙት።

"ይኼን ነው የምንገዛው!" አልኩ።

"ጋሼ፣ መብራት የለውም እኮ" አለች ወርቅውሃ ሆድ ብሷት።

"መብራት ምን ያደርግልሻል? ነጅው!"

ብስክሌት መንዳት እንደማትችል ትዝ ያለኝ ከተናገርኩ በኋላ ነው። ልጅቷ ግን ቀሚሷን ሰብስባ፣ ከሥር የለበሰችውን ሱሪ አሳይታ፣ ዘላ ወጣችበት። እኔ ደርቄ ቀረሁ።

"የት ተማረች?" አልኩ። ረሻድ መሬት መሬት ያያል። ለካ ስድስት ወር ሙሉ እሁድ እሁድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ከእሱ እየተከራየች ስትነዳ ኖራለች! የሰፈሩ ሰው ሁሉ አውቆ የማላውቀው እኔ ብቻ። ልቆጣ ነበር፣ ጊዜ አጣሁ እንጂ። ጣቢያው ፊት ያለውን ሜዳ ግማሽ ያህል ሄዳ እንደለመደችው እግሯን ልታሳርፍ ስትል፣ አረንጓዴው አፈናጥሮ የከሰል ጆንያ ላይ ጣላት። የቀሚሷን ጫፍ ካቴናው በልቶታል። ሰዉ "እሰይ!" ያለም አለ፣ "ውይ!" ያለም አለ። እኔ እየሮጥኩ ደረስኩ።

ፊቷ በከሰል ጠቁሮ ትስቃለች። "ጋሼ! ይኼን ነው የምፈልገው! ይኼን!"

"ጣለሽ እኮ!"

"እኔ ነኝ የረሳሁት እንጂ እሱ ምን አደረገ? የምሠራበት መኪናም እንዲህ ነው፤ ሞተሩ ከዞረ እንዝርቱ ይዞራል። እግሬ ያለውን ሁሉ ይሰማል፣ ጋሼ፣ ሁሉን ነገር ይሰማል!"

እንዲህ አድርገን ገዛነው። ረሻድ ኮርቻውን ዝቅ አደረገላት፣ የፊት ፍሬኑን አጠበቀላት፣ ለካቴናው ከቆርቆሮ መሸፈኛ ቆርጦ ሠራላት፤ ይኼን በነጻ፤ ስለ ተበየደው ብስክሌት አፌን እንድዘጋለት መሰለኝ። ቤት ስንደርስ ጎረቤት ግቢውን ሞላው። አሰጋሽ በደከመ ዐይኗ እየዳሰሰች ከመሪ እስከ ጎማ መረቀችው። "ከእሾህ ከእንቅፋት ይሰውርሽ" አሉ እናቶች። እኔ አንድ በአንድ እየጠራሁ ብረቱን እየመታሁ አሰማኋቸው። ኩራቴ ቤት አልበቃውም።

አሁን የማፍርበት ላይ ደረስኩ።

ወርቅውሃ ቃሏን ጠበቀች። ከደጃችን እስከ አቃቂ ድልድይ ድረስ ሽማግሌ ባገኘች ቁጥር ትወርዳለች። ከዚያ ብስክሌት መውረድ ደግሞ ቀላል አይደለም፤ መጀመሪያ በእግሯ ይዛ ማቀዝቀዝ አለባት፣ ከዚያ አንዱ ፔዳል ወደ ታች እስኪመጣ መጠበቅ፣ ከዚያ መዝለል። ከወረደች በኋላ ደግሞ ሰላምታው አለ። "እንዴት አደርሽ?" "እግዚአብሔር ይመስገን።" "እናትሽስ?" "ደህና ናት።" "ዐይኗስ?" "ይሻላታል።" "ያ ቁጡስ?" ያ ቁጡ እኔ ነኝ። ሽማግሌው ሳይጨርሱ ጥላ አትሄድም፣ ነውር ነው።

የባሰው ገና ነው። ሽማግሌዎቹ ወደዱት! ቃሊቲ ውስጥ ማን ከምን ላይ ወርዶላቸው ያውቃል? መኪናው አቧራ አልብሷቸው ያልፋል፣ ጋሪው ገፍትሯቸው ያልፋል። አንዲት ልጅ ግን ከብስክሌት ዘላ ወርዳ፣ መሪውን በአንድ እጇ ይዛ እስከ ጉልበቷ ዝቅ ትልላቸዋለች። በሁለት ሳምንት ውስጥ በወትሮው ፀሐይ ካልሞቀች ከቤት የማይወጣ ሽማግሌ ሁሉ በአሥራ አንድ ሰዓት ጋቢውን ተከናንቦ መንገድ ዳር መቀመጥ ጀመረ። ከሁሉ በላይ ግራዝማች አጥናፉ! የሰፈራችን ታላቅ ሰው ናቸው፣ ዕድሜያቸው ወደ ሰማንያ፤ ወንበር አስወጥተው ይጠብቋታል። እኔም በበኩሌ፣ "የእኔ ሕግ ነው፣ እኔ ነኝ ያስተማርኳት" እያልኩ አፌን ሞልቼ አወራለሁ።

በጥቅምት መጀመሪያ ዘገየች። በሩ ተዘግቶባት ተመለሰች። በጥቅምት መጨረሻ ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ ዘገየች። ያን ቀን ብስክሌቷን ግድግዳው ላይ አስደግፋ መጥታ ፊቴ ቆመች።

"ጋሼ፣ አንድ ቀን ብቻ ነው የቀረኝ። ሕጉን ያላሉልኝ።"

"ሕግ ሕግ ነው። ቀደም ብለሽ ተነሺ!"

"ቀደም ብዬ ስነሳ እነሱም ቀድመው ይነሳሉ!" አለች። ዐይኗ እንባ አቅርሯል።

እውነቷን ነው። እኔ ግን እልኸኛ ነኝ። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች ይባላል፤ ሕጉን ብሽር የማሳጥረው የራሴን ክብር መሰለኝ። ምን እንዳልኳት ታውቃላችሁ? "ሚካኤልን ብለሻል" አልኳት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አዲስ ነገር አመጣች። ማታ ከሥራ ትገባና ግቢያችን ውስጥ ብስክሌቱ ላይ ትወጣለች፤ ወጥታ አትሄድም። ትቆማለች! ሁለት እግሯ ፔዳል ላይ ነው፣ መሪውን ትንሽ ጠመም ታደርጋለች፣ በፔዳሉ ጎማውን አንድ ጣት ያህል ወደ ፊት፣ አንድ ጣት ያህል ወደ ኋላ... ትወድቃለች። የጌሾ ዛፌን ሁለት ጊዜ ሰብራብኛለች። ክርኗ ተልጧል።

"አንቺ ልጅ! ብስክሌት መሄጃ ነው ወይስ መቆሚያ?"

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣ ጋሼ።"

"እንቁላሉ ይሂድ፣ ጌሾዬን ተይልኝ!"

አሰጋሽ ከቤት ውስጥ ትስቃለች። እኔ ጨዋታ መስሎኝ ነበር።

ኅዳር አሥራ ሁለት ደረሰ። ኅዳር ሲታጠን ታውቁት የለ? በየደጁ ቆሻሻ ይቃጠላል፣ አገሩ ጭስ በጭስ ይሆናል። ሌሊቱን የጎረቤቱ ጭስ አሰጋሽን አፈናት፤ ስትስል ነው ያደረችው፣ ልጅቷም ስታቅፋትና ውሃ ስታጠጣት። እኔ የሚካኤልን ንግሥ ልሳለም ጎህ ሳይቀድ ወጣሁ። ስወጣ ወርቅውሃ የእናቷን ጀርባ እያሻሸች ነበር። "ትደርሻለሽ?" ብላት፣ "እደርሳለሁ፣ ይሂዱ" አለችኝ።

መንገዱ በሽማግሌ ተሞልቷል። ንግሥ ነዋ! ሠላሳ የምንሆን ነጭ ጋቢ ለብሰን፣ ከዘራ ይዘን፣ አስፋልቱን ዳር እስከ ዳር ይዘነው እንሄዳለን። ግራዝማች አጥናፉ ከፊት ናቸው። ከአቃቂ ድልድይ በላይ ካለው ቁልቁለት ስንደርስ በጭሱ መሃል የፋብሪካው ጭስ ማውጫ ታየኝ። ፋብሪካው ሚካኤልን አያውቅም፤ ንግሥም ቢሆን ፊሽካው ይጮኻል። ያኔ ነው እንደ መብረቅ የመታኝ። ወርቅውሃ አላለፈችንም! ከኋላችን ናት!

"ግራዝማች፣ ስንት ሰዓት ነው?"

የኪስ ሰዓታቸውን አውጥተው ወደ ዐይናቸው አስጠጉ። "ለአሥራ ሁለት አምስት ጉዳይ" አሉ።

አምስት ደቂቃ፤ ሠላሳ ሽማግሌ። ለእያንዳንዱ ልትወርድ፣ እናትሽስ፣ ዐይኗስ፣ ቁጡስ ልትባል! ልጅቷን ከሥራዋ ያስወጣኋት እኔ ነኝ አልኩ በሆዴ። ስምንት ወር ደጅ የጠናችበትን እኔ በምላሴ ላጠፋው ነው አልኩ።

ከጭሱ ውስጥ አረንጓዴው ወጣ። ትበራለች! እግሯ አይታይም። አንዱ ሽማግሌ "መጣች፣ መጣች" አለ ደስ ብሎት፣ ሌሎቹም ፊታቸውን አዙረው፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ሊወረድላቸው ቆሙ። እሷም እያቀዘቀዘች፣ እያቀዘቀዘች መጥታ፣ ከግራዝማች ፊት ሁለት ክንድ ሲቀር ቀጥ አለች።

ቀጥ! ሁለት እግሯ ፔዳል ላይ ነው። መሬት አልነካችም። አንድ ጣት ወደ ፊት፣ አንድ ጣት ወደ ኋላ፤ ሌላ ንቅንቅ የለም። ቀኝ እጇን ከመሪው ላይ አንስታ ደረቷ ላይ አደረገች። ግንባሯ መሪውን እስኪነካ ዝቅ አለች።

"እንዴት አደራችሁ፣ አባቶቼ? እንኳን ለሚካኤል አደረሳችሁ!"

ለሠላሳችንም አንድ ጊዜ። ብስክሌት ቆሞ ያየ ሰው ከመካከላችን አልነበረም። እኔ ደግሞ አሁን ገባኝ፤ ያ ሁሉ መውደቅ፣ ያ የተላጠ ክርን፣ ያ የጌሾ ዛፍ ለዚህ ነበር። ሕጌን ሳታፈርስ ልትደርስ!

ግራዝማች ወደ እኔ ዞሩ። "ቀናው፣ ልጅቷ አትወርድም እንዴ? ሕጉ ያንተ አይደለም?"

ሠላሳ ሰው አየኝ። እሷም አየችኝ። ጭኗ ይንቀጠቀጣል፤ ላቧ በአገጯ ይንጠባጠባል። እንዳቀረቀረች ብትሄድ ማን ይይዛት ነበር? አልሄደችም። "ጋሼ" አለች፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ፣ "ሚካኤልን ብያለሁ፣ ዛሬ ደግሞ ቀኑ ነው። ውረጂ ካሉኝ እወርዳለሁ።"

ስድሳ ሁለት ዓመት ኖሬ እንደዚያ ቃል ያቃጠለኝ የለም። በዚያች ሰዓት እናቷም፣ ቤቱም፣ ስምንት ወሩም እኔ አፍ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ልጅቷ እኔን ታከብራለች! እኔ ለእሷ ምን ወርጄላት አውቃለሁ?

ባርኔጣዬን አወለቅሁ። ከአስፋልቱ ወደ ቦዩ ወረድኩ፤ ጉልበቴን እስካመመኝ ድረስ ዝቅ ብዬ ለእህቴ ልጅ እጅ ነሳሁ።

"ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ የሻርኩትም እኔ ነኝ! መሐላው በእኔ ላይ ይሁን! ሂጂ!" አልኩና ወደ ሰዎቹ ዞርኩ። "ምን ቆማችሁ ታያላችሁ? መንገድ ልቀቁ! ልጅቷ እንጀራዋ ላይ ናት!" የግራዝማችን ጋቢ ይዤ ጎተትኩ። ይኼን ማንም አድርጎ አያውቅም። እሳቸው ግን ከዘራቸውን ወደ ላይ አንስተው፣ "ልቀቁላት! ልቀቁ!" አሉ። ሠላሳ ሽማግሌ እየተጋፋ ቦይ ውስጥ ገባ።

ሄደች! ቁልቁለቱን ፍሬን ሳትነካ ለቀቀችው። እግሯ እንደ ባቡሩ ብረት ይዞራል። አሁንም አያለሁ፣ ቀሚሷ ወደ ኋላ ተነፍቶ፣ ድልድዩን ስታልፍ። እኔም ጋቢዬን ጥዬ ሮጥኩ። ለምን እንደሮጥኩ አትጠይቁኝ፤ መቆም አልቻልኩም። ሰው ይጠራኛል፣ አልሰማም። "አቶ ቀናው፣ ምን ሆኑ?" ይለኛል፣ አላይም። ድልድዩ መሃል ስደርስ ፊሽካው ጮኸ።

ደረሰች? አልደረሰችም? ረጅም ነው ያ ፊሽካ፣ መከራ ነው። እየተደናቀፍኩ፣ አንዱን ጫማዬን ጥዬ በሩ ላይ ደረስኩ። ተዘግቷል። በር ላይ ማንም የለም፤ ብስክሌትም የለም። የብረቱን በር በሁለት እጄ ደበደብኩት።

ትንሿ መስኮት ተከፈተችና የፀሐዩ ፊት ብቅ አለ።

"ፀሐዩ! ገባች? ወርቅውሃ ገባች?"

እሱ ቀስ ብሎ አየኝ። ባዶ ራሴን አየ፣ ባዶ እግሬን አየ።

"መጀመሪያ ሰው እንዴት አደርክ ይባላል፣ ቀናው" አለኝ።

"ገባች ወይ ብዬሃለሁ!"

"እኔ በሩን ስዘጋ የኋላ ጎማዋ ከውስጥ ነበር" አለ። "ስትገባ ለእኔም ከብስክሌቱ ሳትወርድ ቆማ እጅ ነሳችኝ፣ ፊሽካው የጮኸው ከዚያ በኋላ ነው። ማን ነው እንዲህ ያለ ክብር ያስተማራት?"

እኔ ብዬ ልመልስለት አፌን ከፈትኩ። በሩ ሥር ተቀመጥኩና እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ከድልድዩ እስከዚያ ድረስ ከስንት ሽማግሌ ፊት ሳልሳለም እንዳለፍኩ ያሰብኩት ያኔ ነው።

"እንዴት አደርክ፣ ፀሐዩ?" አልኩት።